የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሞረዱን መልሰህ አስቀምጥ

ጥያቄ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የዓምድዎ የቆየ አንባቢ ነኝ። ባለፈው መስከረም እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ አሮጌ የጣሊያን ጠመንጃ ገዛሁ። ካርካኖ ነው፣ አጭሩ፣ 91/38 የሚባለው፤ ጥይቱ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው። አፈሙዙ ላይ 1941 የሚል ዓመት፣ ከጎኑ ደግሞ የሮማውያን 19 ቁጥር ተመትቶበታል። ሻጩ "ከኢትዮጵያ የመጣ ነው" ስላለኝ ዋጋውን እንኳ አልተከራከርኩም። አያቴ አርበኛ ነበሩ፤ ከጣሊያን የማረኩትን ጠመንጃ ወሬ እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

ችግሩ ግን አይመታም። በ100 ያርድ የወረቀቱን መሀል አነጣጥሬ ስተኩስ ጥይቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ደግሞ ወደ ግራ ይሄዳል። የኋላ ማነጣጠሪያው ቋሚ ነው፤ አይነሳም፣ አይወርድም። ስለዚህ የፊተኛውን ዝቅ ላደርገው አስቤ ሞረድ ገዝቻለሁ። ምን ያህል ልሞርደው?

አንባቢ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ

ልጄ፣ ሳትጀምር መጠየቅህ ደግ አድርገሃል። ሞረዱን ግን ወደ ሳጥኑ መልሰው። የፊተኛውን ዝቅ ባደረግህ ቁጥር ጥይትህ ይብሱን ወደ ላይ ይወጣል።

ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። በ1961 ዓ.ም. ገና ጎረምሳ ሳለሁ በአንድ የጦር መሣሪያ ጥገና ክፍል እሠራ ነበር። አንድ ቀን ቤልጅግ መጣ፤ ያ ቤልጅጎች የሠሩት ማውዘር፣ ያገራችን ሰው በሠሪዎቹ አገር ስም የጠራው ማለቴ ነው። ማንገቻው ላይ የታሰረችው ወረቀት "ከፍ አድርጎ ይመታል" ትላለች። አለቃዬ ሻለቃ ባሻ ለምሳ ወጥተዋል። ከፍ ካለማ ዝቅ ማድረግ ነው አልኩና ጠመንጃውን ሞርሳ በሚባለው የብረት መንጋጋ ላይ አስሬ የፊተኛውን ማነጣጠሪያ ሞረድ ሞረድ አደረግሁት። ተኩስ ቦታ ወስደን ስንሞክረው ባሰበት። አንሶት ነው ብዬ ጨመርኩለት። በሦስተኛው ጥይቱ ከዒላማው ሰሌዳ በላይ አልፎ ከኋላ ያለው ጉብታ ላይ አቧራ አስነሳ። ሻለቃ ባሻ ጠመንጃውን ተቀብለው የፊተኛውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ፣ "በል እንግዲህ፣ ይሄ ከአሁን ወዲያ ለአሞራ ነው" አሉኝ። የአዲሱ ማነጣጠሪያ ዋጋ ከደሞዜ ተቆረጠ። ያን ወር "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" ብሎ ያልተረተብኝ ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስታነጣጥር ዓይንህ የፊተኛውን ጫፍ ከኋለኛው ስንጥቅ ጋር ያገናኛል። የፊተኛው ካጠረ፣ ጫፉ እስኪታይህ ድረስ እጅህ ሳይታወቅህ አፈሙዙን ያነሳዋል። አፈሙዙ ሲነሳ ጥይቱም አብሮ ይነሳል። ለግራና ቀኝም ያው ነው። ሻለቃ ባሻ ከዚያ በኋላ በቃሌ ያስጠኑኝ አንድ መስመር አለች፤ "የፊተኛው ወደ ጥፋቱ፣ የኋለኛው ወደ ልማቱ።" ጥይቱ ወደ ግራ ከሳተ የፊተኛውን ወደ ግራ ትገፋለህ። ወደ ላይ ከሳተ የፊተኛው መርዘም አለበት። የኋለኛው ማነጣጠሪያ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ጥይቱ እንዲሄድልህ ወደምትፈልገው ወገን ነው የሚሄደው። ሃምሳ ዓመት አልፎኝ ዛሬም መዶሻ ከማንሳቴ በፊት ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ እላታለሁ።

አሁን ወደ ካርካኖህ። አንድ ዕቃ ሳትነካ መጀመሪያ አስተያየትህን እናርም። የፊተኛው ማነጣጠሪያህ እንደ ጎጆ ክዳን ጫፉ የሾለ ነው፤ የኋለኛው ስንጥቅ ደግሞ ከታች የሾለ፣ ከላይ የሰፋ። እዚህ አገር መተኮስ የተማረ ሰው ሁሉ የፊተኛውን ጫፍ ከኋለኛው ስንጥቅ ላይኛ ጠርዝ ጋር እኩል አድርጎ ነው የሚያነጣጥረው። አንተም እንደዚያው ታደርጋለህ ብዬ እገምታለሁ። የጣሊያን ወታደር ግን የተማረው ሌላ ነው፤ የፊተኛው ጫፍ ስንጥቁ ሥር፣ ታች ሹሉ ላይ ትንሽ ብቻ ብቅ እንዲል ነበር የሚደረገው። ልዩነቱ ለዓይን ቁንጫ ታህላለች፤ ወረቀቱ ላይ ግን ዝሆን ናት። ከፊተኛው ጫፍ እስከ ኋለኛው ስንጥቅ ያለው ርቀት ለሒሳብ እንዲቀለን ግማሽ ሜትር ነው እንበል። የፊተኛው ጫፍ በ1 ሚሊ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ሲል በ100 ሜትር ጥይቱ 20 ሴንቲ ሜትር ይዛወራል። በአንተ 100 ያርድ ደግሞ፣ 91 ሜትር ስለሆነ፣ 18 ሴንቲ ሜትር ነው። በጠመንጃህ ላይ ይህን ርቀት በሜትር ለካውና የራስህን ቁጥር አግኝ፤ ርቀቱ ካጠረ ዝውውሩ ይጨምራል።

ቀጥሎ፣ 91/38 የኋላ ማነጣጠሪያው ቋሚ የሆነው ለ200 ሜትር ተስተካክሎ ነው። ጥይቱ 200 ሜትር ላይ ዒላማው ጋ እንዲደርስ መሀል መንገድ ላይ ከመስመሩ በላይ መሄድ ግድ ይለዋል። የድሮው የጣሊያን ጥይት፣ 10.5 ግራም ገደማ የሚመዝነው ድቡልቡል አፍንጫ፣ በሴኮንድ 700 ሜትር ያህል ይዞ ሲወጣ በ100 ሜትር ላይ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ያልፋል። ሒሳቡን እኔው ሠርቼዋለሁ። ከአስተያየትህ የመጣው ልዩነት አንድ ሚሊ ሜትር ነው እንበልና፣ በዚህ 12 ላይ 18 ሴንቲ ሜትር ደምርበት። ያ አንተ የጻፍክልኝ 30 ነው። ጠመንጃህ ምንም አልሆነም ማለቴ አይደለም፤ ግን ጥፋተኛ ብሎ ለመፍረድ ገና ነው። የጠላት ወታደር ቀበቶ ላይ እንዲነጣጠርበት የተሠራ መሣሪያ ይዘህ የወረቀት ነጥብ እያሳደድክ ነው። ረጅሙ 91 ቢሆን ደግሞ ዝቅተኛው መነሻው 300 ሜትር ስለሆነ፣ በ100 ሜትር ከ25 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ቢል አልደነቅም ነበር።

ጥይቱን ከየት እንዳመጣህ አልነገርከኝም። ቀላል ጥይት በሌላ ፍጥነት ይወጣል፤ የምታየው ከፍታም አብሮ ይለወጣል። የካርካኖ አፈሙዝ ከሌሎቹ 6.5 ጠመንጃዎች ሰፋ ይላል፤ ውስጡ ባሉት ጠመዝማዛ ቦዮች ጎድጓዳ ጋ ሲለካ 6.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለሌሎቹ 6.5 የሚሠራው እርሳስ፣ ከቀለሁ ወጥቶ የሚበረው ማለቴ ነው፣ ግን 6.7 ነው። ያ ጠባቡ እርሳስ ካርካኖ ውስጥ በደንብ ስለማይዝ ተበታትኖ ይመታል፤ አንዳንዴም በጎኑ ዞሮ ወረቀቱን እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ይቀደዋል። ቀዳዳዎችህ ክብ ካልሆኑ፣ ወይም አምስቱ ጥይቶች በአምስት ሰፈር ከተኙ፣ ማነጣጠሪያ ማስተካከሉን ተወው፤ መጀመሪያ ጥይት ቀይር።

በል እንግዲህ የአሸዋ ከረጢት አዘጋጅ። ከረጢቱ ከእንጨቱ ሥር እንጂ ከአፈሙዙ ሥር አይግባ። ጫፉን ስንጥቁ ሥር አስቀምጠህ አምስት ጥይት ቀስ እያልክ ተኩስ። በአንድ ጥይት አትፍረድ፤ የአምስቱን ቀዳዳ መሀል በዓይንህ ፈልገህ ከዚያ ለካ። ከፍታው ወደ 12 ከወረደልህ ደስ ይበልህ፤ የከፍታው ጉዳይ አለቀ። ለወረቀቱ ስትል ከነጥቡ በታች አነጣጥር፤ 200 ሜትር ላይ ደግሞ ልክ ይመጣልሃል።

የግራው 10 ሴንቲ ሜትር ከቀረ እሱ የመዶሻ ሥራ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔ የምወደው ይህን ክፍል ነው። ካዝናው ባዶ መሆኑን እይ፤ ከዚያም የጥይቱን ጎጆ፣ ጥይቱ ጎርሶ የሚቀመጥበትን፣ በጣትህ ዳስሰህ አረጋግጥ። የፊተኛው ማነጣጠሪያ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ባለ ቦይ ውስጥ ተንሸራቶ የገባ ነው። የድሮ መሣሪያ ሠሪ ትክክለኛውን ቦታ ሲያገኝ ብረቱን መታ አድርጎ ቦዩ ላይ ስለሚያጣብቀው፣ እንዲህ ያለ የምት ጠባሳ ካየህ መንቀሳቀሱ ቀላል አይሆንም። ዝገት መፍቻ ዘይት ጠብ ጠብ አድርግበትና ይደር። በማግስቱ የሚለጠፍ ወረቀት ሥሩ ላይ ለጥፈህ በቀጭን የመጻፊያ እርሳስ አንድ መስመር ከማነጣጠሪያው ወደ መቀመጫው አስምር። አሁን ያለበትን ሳታውቅ ነቅንቀኸው መመለስ ብታጣ ምን ይውጥሃል? ከመቀመጫው ጠርዝ እስከ ማነጣጠሪያው ያለውን ደግሞ በካሊፐር ለክተህ ጻፈው።

ጠመንጃው ሞርሳ ላይ ሲታሰር መንጋጋዎቹ መሀል እንጨት ወይም ቆዳ ይግባ። (እግረ መንገዴን፣ ሞርሳም፣ ካቻቢቴም፣ ፒንሳም የጣሊያን ቃላት ናቸው። አያትህ ጠመንጃውን ሲማርኩ እኛ ጠጋኞቹ የመሣሪያ ሳጥኑን ስም ማረክን።) ከአፈሙዙ ሥር፣ ከማነጣጠሪያው ትይዩ፣ ወፍራም እንጨት ደግፈው፤ ያለዚያ ምቱን አፈሙዙ ይቀበለዋል። የናስ ዘንግ አምጣና ጫፉን ማነጣጠሪያው ሥር፣ ከቦዩ በላይ ባለው ወፍራም ክፍል ላይ አሳርፍ። ሹሉን ጫፍ ፈጽሞ አትምታ። ብረት በብረት አይመታም፤ ናስ ራሱ ተጨፍልቆ ማነጣጠሪያውን ያድነዋል። ከተኳሹ ወገን ሆነህ ስታይ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የምትመታው። 10 ሴንቲ ሜትር ለ18 ስታካፍል የሚያስፈልግህ ከግማሽ ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ የአውራ ጣት ጥፍርህ ውፍረት ያህል ቢሆን ነው። አንድ አጭርና ቆራጥ ምት መትተህ ለካ። ካልሄደ ሌላ ጨምር። ብዙ ሰው በፍርሃት ሃያ ጊዜ ኳ ኳ ያደርግና ብረቱን ይጨፈልቀዋል እንጂ አያንቀሳቅሰውም። ካለፈህ በሌላው ወገን መልሰው። ከዚያ አምስት ጥይት፣ ከዚያ ደግሞ ልኬት።

ስንጥቁ ሥር አነጣጥረህ፣ ትክክለኛውን ጥይት ይዘህ አሁንም 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ ከአንተ በፊት አንድ እንደኔ ያለ ጎረምሳ ሞርዶታል ማለት ነው። የዚያን ጊዜ መድኃኒቱ ረዘም ያለ የፊት ማነጣጠሪያ ገዝቶ መተካት ነው። አሮጌውን ስሙን ጽፈህ በፖስታ አስቀምጠው። እንግሊዞች በዚህ ነገር ብልሆች ነበሩ። የሊ ኢንፊልድ የፊት ማነጣጠሪያ በየ15 ሺኛ ኢንች፣ ማለትም በየ0.38 ሚሊ ሜትር ልዩነት፣ በተለያየ ቁመት ይሠራል፤ ቁመቱም እላዩ ላይ ይጻፍበታል። ጠጋኙ መሳቢያ ከፍቶ ቁጥር መርጦ ይቀይራል እንጂ አይሞርድም። የኋለኛውን ስንጥቅ ማጥለቅም ጥይቱን ያወርደዋል፤ እሱ ግን ተመላሽ የለውም። በሰማንያ ዓመት ዕቃ ላይ አይደረግም።

የሻጩን ወሬ በተመለከተ፣ ባልነግርህ ደስ ባለኝ። ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤቶች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገበያ መግባታቸው እውነት ነው፤ እኔም የይሁዳ አንበሳ የተመታበት ማውዘር እዚህ አገር በእጄ ይዤ እንባዬ መጥቷል። ያንተ አፈሙዝ ላይ ያለው 19 ግን ፋሺስቶቹ ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 1922 ጀምሮ ይቆጥሩት የነበረው ዓመት ነው፤ 19ኛው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1941 መጨረሻ ላይ ያልቃል። ጣሊያን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ የገባችው እ.ኤ.አ. ሰኔ 1940 ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የስዌዝ ቦይ ተዘግቶባት ምሥራቅ አፍሪካ ያለው ጦሯ ተቆርጦ ቀረ፤ ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ያንተ ጠመንጃ ገና ፋብሪካ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ኋላ በሌላ መንገድ ካልገባ በቀር አርበኛ አልማረከውም። አያትህ የማረኩት ረጅሙ 91 ወይም የፈረሰኛው አጭር ይመስለኛል። ሻጩን የኢትዮጵያ ለመሆኑ ወረቀት ጠይቀው። የጨመርክለት ገንዘብ ካለ ደግሞ አብረህ ጠይቅ።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የሩሲያ ሞሲን 91/30 አለኝ። የኋላውን ዝቅተኛው 100 ላይ አድርጌ በ100 ሜትር ወደ ቀኝ 16 ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ላይም ትንሽ ይስታል። አጠገቤ የነበሩ አንድ ነጭ ሽማግሌ "ሳንጃው የታለ?" ብለው ሳቁብኝ። ምን ማለታቸው ነው?

አንባቢ፣ ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ

መልስ

ሽማግሌው አልቀለዱብህም። ሞሲን ፋብሪካ ውስጥ የሚስተካከለው ሳንጃው እንደተሰካ ነው፤ ወታደሩም ሳንጃውን ሰክቶ እንዲተኩስ ነበር የሚታዘዘው። ግማሽ ሜትር ገደማ የሆነ ብረት ከአፈሙዙ ላይ ስታነሳ የአፈሙዙ ንዝረት ይለወጣል፤ ጥይቱም ሌላ ቦታ ያርፋል። የምትተኩስበት ክበብ ከፈቀደልህ አንድ ቀን ሰክተህ ሞክረው፤ ለወሬም ይሆንሃል።

ያለ ሳንጃ መቀጠል ከፈለግህ ሒሳቡ አለቀልህ። በ91/30 ላይ በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መሀል ያለው ርቀት 622 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ የፊተኛው 1 ሚሊ ሜትር ሲንቀሳቀስ በ100 ሜትር 16 ሴንቲ ሜትር ይዛወራል። ያንተ ስህተት ልክ አንድ ሚሊ ሜትር ነው፤ ወደ ቀኝ ስለሳተ የፊተኛውን ወደ ቀኝ። በዙሪያው የብረት ቀለበት ስላለው መዶሻ በደንብ አይመችም። በብሎን እየተጠመዘዘ የሚገፋ ትንሽ መሣሪያ ይሸጣል፤ እሱን ግዛ። የብሎኑን ዙር እየቆጠርክ ስለምትገፋ ከመዶሻም ይሻላል።

ለከፍታው የድሃ ዘዴ ልንገርህ። የሞሲን የፊት ማነጣጠሪያ ቀጭን ምሰሶ ነው። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ የፕላስቲክ ልባሱን ሞልጨህ አውጣና ምሰሶው ላይ እንደ ቆብ አጥልቀው፤ ረዘም ይበል። ተኩሰህ እያየህ በስለት ጥቂት ጥቂት ከላዩ ቁረጥ። ስትቆርጥ ጥይቱ ይነሳል። ከበዛብህ ሌላ ሽቦ ሞልጭ፤ ከደሞዝህ የሚቆርጥብህ የለም። ጥቁር ልባስ ምረጥ፤ ቀዩ ፀሐይ ላይ ዓይን ያታልላል።

ጥያቄ

ጋሽዬ፣ አንኮበር አካባቢ ቤተሰባችን ቤት ግድግዳ ላይ የቅድመ አያታችን ውጅግራ ተሰቅሏል። የፊት ማነጣጠሪያው ወድቆ ጠፍቷል። ለፋሲካ አገር ቤት ስሄድ በያጅ ላስቀጥለው እችላለሁ? ፎቶውን ልኬልዎታለሁ።

አንባቢ፣ ከዱባይ

መልስ

አታስበየደው። ውጅግራ ፈረንሳዮቹ በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡት የግራ ጠመንጃ ነው፤ "ፉዚ ግራ" የሚሉትን ያገራችን ጆሮ ውጅግራ ብሎ ወሰደው። በጥቁር ባሩድ፣ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት፣ አንድ በአንድ እየጎረሰ ነው የሚተኩሰው። የመኪና በያጅ እሳት አፈሙዙ ላይ ቢያርፍበት የብረቱን ጥንካሬ ያበላሸዋል። ደግሞስ ለማን ነው የሚያነጣጥረው? ግድግዳ ላይ ለሚኖር ጠመንጃ የጎደለው ማነጣጠሪያ ጉድለት አይደለም፤ ዝገቱን በዘይት ጨርቅ ጥረግለት፣ ይበቃዋል። ይልቅ ፈቃዱን ጠይቅ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 አለ፤ ቤተሰቡ ወረዳው ጋ ሄዶ ይህ ቅርስ በምን ዓይነት እንደሚያዝ ይጠይቅ።

ፎቶውን ሁለት ጊዜ አየሁት። ጠመንጃው ከሕፃን አልጋ በላይ ነው የተሰቀለው፤ አፈሙዙም ወደ በሩ ዞሯል። ከመሰቀሉ በፊት የጥይቱን ጎጆ ከፍቶ ባዶ መሆኑን ያየ ሰው ይኑር አይኑር አልጻፍክልኝም። ፋሲካን አትጠብቅ፤ ዛሬ ማታ ደውልና ነገሩን የሚያውቅ ሰው አውርዶ ይየው።